የሰባተኛው ምሰሶ ደብዳቤ

ከምትወዱት ሰው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ በማህተምና በግልባጭ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተነጋግሬአለሁ። ከላይ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ መሀል ላይ «ጉዳዩ»፣ ከሥር ግልባጭ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ግልባጭ ለአበዳሪው ባንክ። በዚያ ሁሉ መሀል ግን እኔ የልቤን እነግረው፣ እሱም የልቡን ይነግረኝ ነበር። ሞኝ ናት በሉኝ። ታሪኩን ስትጨርሱ የባሰ ስም ስለምታወጡልኝ ይሄኛውን በደስታ እቀበላለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ መንግሥት ብቻውን አያሠራውም። አንድ የግል ኩባንያ በራሱ ወጪ ይገነባዋል፤ ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያስከፈለ ይቆይና ለመንግሥት ያስረክባል። ሁለቱ አይተማመኑም። ቢተማመኑማ እኔም ሥራ አይኖረኝም ነበር። ስለዚህ ተስማምተው መሀላቸው አንድ አማካሪ ያስቀምጣሉ፤ ገለልተኛ መሐንዲስ ይባላል። የአማካሪው ድርጅት ሳይት ላይ የወከለው እኔን ነው። ኩባንያው አንድ ሥራ ሊጀምር ሲል በደብዳቤ ይጠይቀኛል፤ እኔም መርምሬ ወይ «ተቃውሞ የለንም» ወይ «አይቻልም» ብዬ እጽፋለሁ። ከሁለቱም ወገን የማንንም ሻይ አልጠጣም፣ በማንም መኪና አልሳፈርም። ውሌ ላይ ተጽፏል። ሠራተኛው «ገለልተኛዋ» ብሎ ስም አወጣልኝና የገዛ ስሜን የሚያስታውስ ጠፋ።

እሱ ደግሞ የኩባንያው የሳይት መሐንዲስ ነው። ከአፉ «ቶሎ፣ ቶሎ» ስለማይጠፋ «ቶሎ» ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት የላከውን ንድፍ ሦስት ጊዜ መለስኩበት። ሌላ ወንድ ቢሆን አለቃዬ ዘንድ ሄዶ ይከሰኝ ነበር። እሱ አራተኛውን ሲልክ፣ በኩባንያው ወረቀት፣ በኩባንያው ማህተም፣ «በሦስቱም ጊዜ ትክክል ነበሩ፤ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ግልባጩ ባንክ ደርሷል። እኔ ያን ቀን ወረቀቱን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ባንኩ ስንት ጊዜ እንዳነበበው አላውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። በሰው ፊት «እርስዎ» ነው የምንባባለው። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ ዓይን ግን ሰፊ ጠረጴዛ አይከለክለውም። አንድ ቀን ዝናብ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር አንድ ላይ አስጠለለን። የገመድና የክሬን ሥራ ኃላፊው አባ ገመድም አብረውን ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው።

«የውል ጸሐፊዎች ልጅ ሆነው አያውቁም መሰለኝ» አሉ ጣሪያችንን እያዩ። «እሳትና ጭድ አንድ ምሰሶ ሥር አስቀምጠው ገለልተኛ ሁኑ ይላሉ!» ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ተነሥተው ሄዱልን።

«የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬቱን የፈረምሽ ቀን እናንተ ቤት እመጣለሁ» አለኝ ቶሎ። ያኔ ነው መጀመሪያ «አንቺ» ያለኝ።

«በማን መኪና?»

«በእግሬ። ያኔም ቢሆን መኪናዬን የምትጠረጥሪው አንቺ ነሽ።»

ሳቅሁ። ከዚያ በላይ አልተባባልንም፤ እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካካንም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድልድዩ ምሰሶ በጨመረ ቁጥር ልቤ ፎቅ ይጨምር ነበር።

እንግዲህ የሰባተኛው ምሰሶ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ኩባንያው የኮንክሪቱን ናሙና ውጤት አያይዞ፣ ምሰሶው አናት ላይ ቢሙን ለማስቀመጥ ይጠይቃል። ቢም ማለት ከምሰሶ ምሰሶ የሚዘረጋው፣ መንገዱን የሚሸከመው ከባዱ የኮንክሪት አካል ነው። ውሉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ጥያቄው በደረሰ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠሁ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። አሥር ቀኑ የሚቆጠረው የእኛ መዝገብ ቤት ማህተም ካሳረፈበት ዕለት ነው። መዝገብ ቤት ደግሞ ማህተም ያሳረፈው ሰኞ አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሴት ያንን ቀን ሳላይ አለፍኩ። ደብዳቤው ከእሱ ሲመጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፊርማው ነበርና። ከሰኞ ቆጠርኩና እስከ ቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ጊዜ አለኝ አልኩ።

ማክሰኞ ውጤቱን መረመርኩ። ስድስት ናሙና፣ ስድስት ቁጥር። አንዱን የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። የአምስተኛውን ምሰሶ ማህደር አወጣሁ። ስድስቱም ቁጥር እዚያ አለ። በተራው፣ አንድም ሳይዛነፍ። ክው አልኩ። የሚዋሸኝ ሰው እንኳ ሁለት ቁጥር ቦታ ለማቀያየር አይደክምልኝም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጠርጣሪነት ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። እሱን ብቻ ነበር ያልጠረጠርኩት።

ረቡዕ «አይቻልም» የሚለውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማህተም አሳረፍኩበት። ግልባጭ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ግልባጭ ለባንኩ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ይህ ወረቀት ከወጣ ሥራውን ብቻ አይደለም፣ የሙያ ፈቃዱንም ያጣል። ምናልባትም ይታሰራል። መሳቢያዬን ከፍቼ ከተትኩት። ራሱ ይምጣ አልኩ። ራሱ ይንገረኝ፤ ጥያቄውን ይሳብ፤ እኔም ያላየሁ ልምሰል። ይህን ፍቅር ብዬ ጠራሁት።

ሐሙስ ስብሰባ ላይ ዕድል ሰጠሁት። ከጎኑ አጎቱ ተቀምጧል። አጎትየው የኩባንያው ዋና ኃላፊ ነው። አንቱ ብዬ ልጽፈው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

«ስለ ሰባተኛው ምሰሶ የሚጨምሩት ነገር ይኖራል?» አልኩት ቶሎን።

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት ስንቅ ይሆነኝ ነበር።

«የለም» አለ። «ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ።»

ዓይኔ ውስጥ እያየ ዋሸኝ አልኩ። ያም ሆኖ ጠበቅኩት። ዓርብ ጠበቅኩት፣ ቅዳሜ ጠበቅኩት። እሁድ ከሰዓት በራችን ላይ መኪና ሲቆም ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ወጣሁ። የጎረቤት እንግዳ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወደ ሳይት ሄድኩ። በሰው ፊትም ቢሆን ጠርቼው ወይ ይነግረኛል፣ ወይ እሰጠዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ከበሩ ሳልገባ ክሬኑን አየሁት። ቢሙ አየር ላይ ነው። ከሥሩ ሰባተኛው ምሰሶ።

ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ። ሁለት እጄን እያውለበለብኩ «አቁሙ! አቁሙ!» አልኩ። የክሬኑ ሞተር ድምፄን ዋጠው። አባ ገመድ ምሰሶው አናት ላይ ቆመው የቢሙን ጫፍ በገመድ እየመሩ ነበር። አዩኝ። ሰላምታ መሰላቸው። አንድ እጃቸውን ከገመዱ አንሥተው አውለበለቡልኝ።

ቢሙ ተቀመጠ። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ የምሰሶው ጥግ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። የቀረውን አልተርክም፤ አልችልም።

በማግስቱ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ግንበኛ ነበር፤ ሰው ከግንብ ሲወድቅ ያየ ሰው ነው። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ስተኛ ምንም አልጠየቀኝም። በአራተኛው ቀን ውሃ ይዞልኝ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ያበላሸሽው ነው ወይስ ያየሽው?»

«ያየሁት፣ አባባ።»

ውሃውን አስጨበጠኝ። «ያ ይብሳል» አለኝና ወጣ።

አጣሪ ኮሚቴው የጠራን በሳምንቱ ነው። ከመግባታችን በፊት አንዲት ባዶ የስብሰባ ክፍል ውስጥ እንድንጠብቅ አደረጉን፤ እኔንና እሱን ብቻ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግድግዳና በር ያለው ቦታ ብቻችንን ስንሆን የመጀመሪያችን ነበር። ከስቷል። ጢሙ አድጓል። ሄልሜት ሳያደርግ ሳየው ባዳ መሰለኝ።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ስትዋሽስ ለምን ቅደም ተከተሉን እንኳ አልቀየርክም? እንዲህ ነው የናቅከኝ?»

«ናቅኩሽ?» ወንበሩን ይዞ ተነሣ። «የናሙና መጭመቂያ ማሽናችን ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ናሙናው አልተፈተነም። ጋሼ ወረቀቱን ፊቴ አስቀምጦ "ቁጥር ሙላበት" አለኝ። ምን ልበለው? አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለእሱ እምቢ የሚል ምላስ የለኝም። ስለዚህ የአምስተኛውን ምሰሶ ቁጥር አንድ በአንድ በተራው ገለበጥኩት። አንቺ እንድታዪው! አንቺ አይተሽ በእኔ ፋንታ "አይቻልም" እንድትዪልኝ!»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ሐሙስ ጠየቅኩህ እኮ።»

«እኔም መለስኩልሽ እኮ! "ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ" አልኩሽ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ልንገርሽ?»

«አይቼው ነበር» አልኩት። «ማክሰኞ ዕለት አይቼዋለሁ።»

ፊቱ አመድ ሆነ። «አይተሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«"አይቻልም" ብዬ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ራስህ መጥተህ እንድትነግረኝ። እንዳላጠፋህ ብዬ። እስከ ሐሙስ ጊዜ ያለ መስሎኝ።»

«እሁድ አሥሩ ቀን ሲሞላ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የኮንክሪት መፈተሻ መዶሻሽን ይዘሽ ወጥተሽ ምሰሶውን ራስሽ የፈተሽሽው መሰለኝ። እሷ ዝም ካለች ምሰሶው ደህና ነው አልኩ። አንቺን ከማመኔ የተነሣ፣ ሰኞ ጠዋት ክሬኑ ሲነሣ ተንፈስ ብዬ ነበር።»

እሱ የራሱን እምቢታ በእኔ እጅ አስቀመጠ፣ እኔም የራሴን በእሱ እጅ። መሀል ላይ የቆሙት አባ ገመድ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ። እጁ ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው። ስንት ጊዜ ያሰብኩት እጅ ነበር።

«ስሚኝ» አለኝ። «ያን ደብዳቤ ማንም አላየውም። ቅደጂው። እኔ ቁጥሩን አጭበርብሬአለሁ፣ አንቺን አታልዬሻለሁ፣ በቃ። አንቺ ያየሽው ነገር የለም። እኔ እንደሆንኩ ከእስር አላመልጥም፣ ሁለታችንም ለምን እንገባለን? እናቴን ብቻ አልፎ አልፎ ጠይቂልኝ። ስወጣ ... ስወጣ ከፈለግሽ በእግሬ እመጣለሁ።»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ሰው ሞቶ፣ እጄ በእጁ ውስጥ ሆኖ፣ ይሄን ያህል ይወደኛል ብዬ ልቤ ዘለለ። ራሴን የጠላሁት በዚያች ደቂቃ ነው። እንባዬ እጁ ላይ ወረደ፤ «እሺ» አልኩት። አዎ፣ «እሺ» ብዬዋለሁ።

ፊቴን ልታጠብ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የባላቸውን የሥራ ጓንት በፌስታል ይዘዋል። ማን እንደሆኑ ሳይነግሩኝ አወቅኩ።

«ልጄ፣ እዚህ ነሽ የምትሠሪው?» አሉኝ። «ገለልተኛዋ የሚሏትን ታውቂያታለሽ?»

«ለምን ፈለጓት እትዬ?»

«እሷን ብጠይቃት ትነግረኛለች ብዬ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ወረቀት ነው የሚያሳየኝ። ማን ፈቀደ ስል ማንም አልፈቀደም፣ እንደተፈቀደ ተቆጠረ ይሉኛል። ይሄ ምን ማለት ነው? እሱ ቤት ሲመጣ ስለ እሷ ብቻ ነበር የሚያወራው። "እሷ ያየችው ነገር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እወጣለሁ" ይለኝ ነበር። ያን ቀን ሳታይ ቀርታ መሆን አለበት የኔ እናት፤ እሷም አዝና ይሆናል።»

እኔ ነኝ አላልኳቸውም። በሩ ተከፈተና ስማችን ተጠራ። ከኋላዬ ቀስ ብለው ተከትለውኝ ገቡ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አንዲት ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። አጎትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። መጀመሪያ የጠየቁት ቶሎን ነው። ቆሞ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ያለኝን ሁሉ አለ። ቁጥሩን ብቻዬን ገለበጥኩ አለ። ማንም አላዘዘኝም አለ። ገለልተኛ መሐንዲሷ የምታውቀው ነገር የለም አለ። ሲዋሽ እንዴት ያምር ነበር! አጎትየው እግሩን አነባብሮ ራሱን በኀዘን ይነቀንቃል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ውሸት የሚያድነው እኔን ብቻ አልነበረም። አጎትየው ነገ ተመልሶ ሳይት ይገባል። ስምንተኛው ምሰሶ ተሞልቶ አልቋል፣ የናሙናው ማሽን ገና አልተጠገነም፣ አናቱ ላይም አንድ ገመድ ያዥ ይወጣል። እኔም ንጹህ ሆኜ ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጣለሁ። የወደድኩት ሰው ለእኔ ሲል የሚሰጠኝ ስጦታ ይሄ ነበር።

«መሐንዲስ፣ የሚጨምሩት አለ?» አለኝ ሰብሳቢው።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቶሎ ወረቀቱን ሲያይ ራሱን ወዘወዘ። በከንፈሩ ብቻ «ተይው» አለኝ። «ተይው፣ እባክሽ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ቁጥሮቹ የተገለበጡ መሆናቸውን ማክሰኞ አውቄአለሁ» አልኩ። «ረቡዕ ይህን ጻፍኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እሱም ቢሆን ብቻውን አይደለም፤ ቁጥር እንዲሞላ ያዘዘው አጎቱ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ራሱ ነግሮኛል። የስምንተኛው ምሰሶ ናሙናም አልተፈተነም፤ ማንም ሰው እንዳይወጣበት።»

አጎትየው ብድግ ብሎ «ይህቺ ሴት ምን ነክቷት ነው!» አለ። ሰብሳቢው በእጁ አስቀመጠው። ደብዳቤውን አንሥቶ ቀኑን ጮክ ብሎ አነበበ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሴትዮዋ በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰማኋቸው።

«ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ።» ቆሙ። ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

ዞርኩ። «እኔ ነኝ እትዬ።»

«አራት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

ሳላስበው ወደ ቶሎ አየሁ። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩት። ተመልሰው እኔን አዩኝ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ቢራገሙኝ ምን ነበረበት!

«ትወጂዋለሽ?» አሉኝ።

ፊቴን ወደ እሳቸው መለስኩ።

«አዎ» አልኩ። «እወደዋለሁ።»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ወደ ሰብሳቢው አየች። «ይሄ ይጻፍ?» አለች በለሆሳስ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ይጻፍ» አለ።

ይህን ቃል ከዚያ በፊት ለእሱ ለራሱ ብዬው አላውቅም ነበር። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ከግራዬ፣ ሁለት ወንበር አልፎ፣ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ይሰማኛል። ቀና ብዬ ላየው ፈለግኩ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ።